ትእዛዝ ፈጻሚም ይጠየቃል፤ የኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ሕይወት

ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚጨዋወትበት ቁም ነገር ይሆን ዘንድ ዛሬ የዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝን ሕይወት እናነሳለን፤ አላህ ይዘንላቸው። በኸሊፋነት የቆዩት ለሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ብቻ ቢሆንም ብዙ ዑለማዎች ከአራቱ ቅን ኸሊፋዎች ቀጥለው ስማቸውን ያነሳሉ።

ልጆቻችን ስለ እርሳቸው አዘውትረው የሚሰሙት የሻማውን ታሪክ ነው። የሕዝብ የሆነውን ሻማ ለሕዝብ ሥራ ብቻ ያበሩ ነበር፤ የግል ጉዳይ ሲመጣ ያንን አጥፍተው የራሳቸውን ይለኩሱ ነበር። እኛ ዛሬ የምናወሳው ግን ብዙም የማይነገረውን ገጽታ ነው። በመንግሥት ስም ሰው ደጃፍ ላይ የሚቆም፣ ቤት የሚያስለቅቅ፣ መሬት የሚረከብ፣ ጅራፍ የሚያነሳ ሹም ወይም ወታደር ጥፋት ሲያጠፋ ዑመር ምን ያደርጉ ነበር? ጥያቄው ለእርሳቸው ከሩቅ የሚያዩት ጉዳይ አልነበረም። ኸሊፋ ከመሆናቸው በፊት እርሳቸውም የሌላውን ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ ሹም ነበሩ፤ በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ የተሸከሙት ሐዘንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

ከወተት ሻጯ ቤት

ዑመር የተወለዱት ከሂጅራ በኋላ በ60ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ680ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። አባታቸው ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ መርዋን ከበኑ ኡመያ ቤተሰብ ሲሆኑ ግብፅን ለ20 ዓመት ያህል አስተዳድረዋል። እናታቸው ኡሙ ዓሲም ደግሞ የታላቁ ኸሊፋ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የልጅ ልጅ ነበሩ።

የእናታቸው ወገን ታሪክ ራሱ ለልጆች የሚነገር ነው። ታላቁ ዑመር በመዲና ሌሊት ሲዘዋወሩ አንዲት እናት ልጇን ወተቱ ላይ ውሃ ጨምሪበት ስትላት፣ ልጅቱም ኸሊፋው ባያዩ እንኳ አላህ እንደሚያይ ተናግራ እንቢ ስትል ሰሙ ይባላል። ያችን ልጅ ለልጃቸው ለዓሲም አጋቧት። ከዚያ ጋብቻ ኡሙ ዓሲም ተወለዱ፤ ከኡሙ ዓሲም ደግሞ የዛሬው ባለታሪካችን። ሰው ባያይም አላህ ያያል የሚለው እምነት ለዑመር በእናታቸው በኩል የመጣ የቤተሰብ ውርስ ነበር ማለት ይቻላል።

በልጅነታቸው ዕውቀት እንዲቀስሙ ወደ መዲና ተላኩ። በሷሊሕ ኢብኑ ከይሳን ሥር አደጉ፤ ከዑበይዱላህ ኢብኑ ዐብዱላህ ብዙ ተማሩ። ያም ሆኖ የቤተ መንግሥት ልጅ ነበሩና አለባበሳቸው ያማረ፣ ሽቷቸው ከሩቅ የሚታወቅ ወጣት ነበሩ። አረማመዳቸው ሳይቀር በስማቸው ተጠርቶ የከተማዋ ወጣቶች ይኮርጁት ነበር። የአጎታቸውን የኸሊፋ ዐብዱልመሊክን ልጅ ፋጢማንም አገቡ።

የመዲናው አገረ ገዥ

በ87 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 706) ኸሊፋ አል-ወሊድ ዑመርን የመዲና አገረ ገዥ አድርገው ሾሟቸው። ዑመር እንደደረሱ የከተማዋን አሥር ታላላቅ የፊቅህ ሊቃውንት ሰበሰቡ። ያለ እነርሱ ምክር ጉዳይ እንደማይቆርጡ ነገሯቸው። ከሹማምንታቸው መካከል ሰውን የበደለ እንዳለ ከሰሙ ሳይደብቁ እንዲያሳውቋቸውም አደራ አሏቸው። ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሹም ሥራውን ሲጀምር በበታቾቹ ላይ አቤት የሚባልበትን በር መክፈቱ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁንና ብዙ ሳይቆይ ከባድ ትእዛዝ ከደማስቆ መጣ። በ88 ዓመተ ሂጅራ አል-ወሊድ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ እንዲሰፋ፣ የነቢዩ ባለቤቶች ይኖሩባቸው የነበሩት ክፍሎችም ፈርሰው ወደ መስጊዱ እንዲገቡ አዘዙ። በዙሪያው ያሉ ቤቶች ከባለቤቶቻቸው እንዲገዙ፣ አልሸጥም የሚል ካለ ደግሞ የከተማው ሰዎች ተገቢውን ዋጋ ገምተው ገንዘቡ እንዲከፈለውና ቤቱ እንዲፈርስ የሚል መመሪያም ነበረው።

መዲና ስለ ቤት መነሳት የራሷ ትዝታ ነበራት። ታላቁ ዑመር በዘመናቸው መስጊዱን ሊያሰፉ ሲሉ የነቢዩ አጎት ዐባስ (ረ.ዐ) ቤታቸውን አልሰጥም ብለው ነበር። ኸሊፋው በጉልበት አላፈረሱትም፤ ሁለቱም ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ) ዘንድ ቀርበው ተዳኙ። ፍርዱ በኸሊፋው ላይ ሆነ። ዐባስ መብታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ቤቱን ለሙስሊሞች በገዛ ፈቃዳቸው ሰጡ። ለመዲና ሰዎች ቤት የሚለቀቅበት መንገድ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ ፍርድ፣ ከዚያ ፈቃድ።

በ88ቱ ትእዛዝ ግን ከገንዘብ ግምት በላይ የሆነ ነገር ነበረበት። ክፍሎቹ ከጭቃና ከዘንባባ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ትናንሽ ነበሩ። ሲፈርሱ የከተማው ሰው አለቀሰ። ታላቁ ሊቅ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ቤቶቹ እንዳሉ ቢቆዩ ይመርጡ ነበር፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ነቢዩ በምን ያህል ነገር ተብቃቅተው እንደኖሩ በዓይኑ አይቶ ለሀብት ከመሽቀዳደም ይቆጠባል ብለው ያስቡ ነበርና። ትእዛዙ ግን የኸሊፋው ነበር፤ ዑመርም አስፈጸሙት።

የኹበይብ ሞት

ከሁሉም የከበደው በ93 ዓመተ ሂጅራ የሆነው ነው። ኹበይብ የዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ልጅ ነበሩ፤ በዒባዳቸው የታወቁ ሰው። የተናገሩት ነገር ደማስቆ ደርሶ አል-ወሊድን አስቆጣ፤ እንዲገረፉም ለዑመር ትእዛዝ ተጻፈ። ዑመር አስገረፏቸው። በብርድ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ፈሰሰባቸው፤ በመስጊዱ በር ላይም እንዲቆሙ ተደረገ። ኹበይብ ከዚያ ጉዳት አልተነሱም፤ ሞቱ።

ዑመር የሞቱን ዜና ሲሰሙ መሬት ላይ እንደወደቁ ይተረካል። ከዚያ በኋላ ሰዎች ስለ መልካም ሥራቸው አኺራን ተስፋ እንዲያደርጉ ባበሰሯቸው ቁጥር፣ ኹበይብ በመንገዱ ላይ ቆመው እየጠበቋቸው እንዴት ተስፋ እንደሚያደርጉ ይጠይቁ ነበር። ትእዛዙ ከበላይ መጣ ብለው ራሳቸውን አላጽናኑም። ጅራፉ የተነሳው በእርሳቸው ሥልጣን ሥር መሆኑን ያውቁ ነበር።

በዚያው ዓመት ዑመር ከመዲና ተነሱ። የኢራቁ አገረ ገዥ ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ፣ ከእርሱ ግፍ የሚሸሹ ሰዎች በዑመር ዘንድ መጠለያ ማግኘታቸው አስቆጥቶት ለኸሊፋው ከሷቸው ነበር። ዑመር ወደ ሻም ተመለሱ።

ሰይፍ ያዡ ተሻረ

በ99 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 717) ኸሊፋ ሱለይማን ሲያርፉ፣ በአማካሪያቸው በረጃእ ኢብኑ ሐይዋ ምክር የተጻፈው ኑዛዜ ተከፈተ፤ የዑመር ስም ወጣ። ዑመር ሹመቱን አልፈለጉትም ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ሲቀርቡላቸው መለሷቸውና የራሳቸውን በቅሎ ተቀመጡ።

ከመጀመሪያ እርምጃዎቻቸው አንዱ የጥበቃ አዛዡን ኻሊድ ኢብኑ ረያንን መሻር ነበር። ኻሊድ ሰይፍ ታጥቆ በቀደሙት ኸሊፋዎች ፊት የሚቆም፣ አንገት ቁረጥ ሲባል ያለ ማንገራገር የሚቆርጥ ሰው ነበር። ዑመር ሰይፉን እንዲያስቀምጥ አዘዙት፤ ዳግመኛም ከፍ እንዳይል አላህን ለመኑ። ሰይፉን ለዐምር ኢብኑ ሙሃጂር ሰጡ። ለምን እርሱን እንደመረጡ ሲያስረዱም በመካከላቸው ዝምድና እንደሌለ፣ ነገር ግን ቁርኣን ሲያበዛና ሰው በማያየው ቦታ ሶላቱን አሳምሮ ሲሰግድ እንዳዩት ገለጹ። እርሳቸው ራሳቸው ከእውነት ሲያፈነግጡ ካየም ልብሳቸውን ጨምድዶ እንዲነቀንቃቸው አዘዙት። ለእንዲህ ያለ ሥራ ኃይለኛ ክንድ አይበቃም፤ አላህን የሚፈራና እምቢ ማለት የሚችል ሰው ያስፈልጋል ማለታቸው ነበር።

ከራስ ቤት የጀመረ ማስለቀቅ

ቀጥሎ የመጣው በግፍ የተያዘን ንብረት ለባለቤቱ መመለስ ነው። ዑመር በሌላው ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ከራሳቸው ጀመሩ። ከቀደሙት ኸሊፋዎች በስጦታ ያገኟቸውን መሬቶች ሰነድ አስመጡ። አገልጋያቸው ሙዛሒም አንድ በአንድ ሲያነብ እርሳቸው በመቀስ ይቆርጡ ነበር፤ የዙህር አዛን እስኪሰማ ድረስ። ባለቤታቸው ፋጢማም ከአባታቸው ያገኙትን ውድ ጌጥ ለበይተል ማል አስረከቡ።

በዚያ ሥራ የልጃቸው የዐብዱልመሊክ ድርሻ አይረሳም። ዑመር ከድካም ብዛት ትንሽ ሊያርፉ ጋደም ሲሉ፣ ልጁ ገብቶ የሰዎች መብት ሳይመለስ መተኛት እንዴት እንደሚሆን ጠየቃቸው። ከዙህር በኋላ እንደሚሠሩት ቢነግሩት እስከዚያ በሕይወት ለመቆየታቸው ዋስትና እንደሌላቸው አስታወሳቸው። ዑመር ተነስተው ግንባሩን ሳሙት፤ ዲናቸውን የሚያግዝ ልጅ የሰጣቸውን አላህን አመሰገኑ። ወላጆች ሆይ፣ ልጅ አባቱን በእውነት እንዲመክር የሚያስችል ቤት መገንባት ከዚህ የምንማረው ነው።

ከዚያ ተራው የቤተ መንግሥቱ ዘመዶች ሆነ። ከሒምስ ከተማ የመጣ አንድ ሙስሊም ያልሆነ ሽማግሌ፣ የአል-ወሊድ ልጅ ዐባስ መሬቱን እንደነጠቀው ተናገረ። ዐባስ አባቱ የሰጡትን ሰነድ ጠቀሰ። ዑመር የአላህ ኪታብ ከአል-ወሊድ ሰነድ እንደሚቀድም ገልጸው መሬቱ ለሽማግሌው እንዲመለስ ፈረዱ።

ሌላው የአል-ወሊድ ልጅ ረውሕ ደግሞ በዚያው በሒምስ የሰዎችን ሱቆች ይዞ ነበር። ዑመር ማስረጃውን አይተው ሱቆቹ እንዲመለሱ ወሰኑ። ረውሕ ግን ደጅ ላይ ከሳሹን ተከትሎ አስፈራራው። ሰውዬው ተመልሶ ለኸሊፋው ነገረ። ዑመር ከጥበቃ አዛዦቻቸው አንዱን ጠርተው፣ ረውሕ ሱቆቹን ካስረከበ እንዲተወው፣ ካላስረከበ ግን አንገቱን እንዲቆርጥ ላኩት። ረውሕ ሰይፉ ከአፎቱ በስንዝር ያህል ሲወጣ አየና ሱቆቹን ለባለቤቶቻቸው አስረከበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በቀድሞው ዘመን ሰይፍ ይመዘዝ የነበረው ድሃውን ለማስለቀቅ ነበር። አሁን የተመዘዘው ፍርድ ያገኘ ሰው ፍርዱ ወረቀት ላይ እንዳይቀርበት ነው። ያውም የኸሊፋ ልጅ ቢሆን እንኳ የፍርድ ቃል ቀድሞ፣ የማስረከብ ዕድልም ተሰጥቶት ነው።

ጥፋተኛ ሹም እንዴት ተቀጣ

ዑመር ግፈኛ ሹማምንትን ሲቀጡም ለቅጣቱ ልክ አበጁለት። በግብፅ የግብር ሹም የነበረው ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ አት-ተኑኺ (ስሙ ከታላቁ ሰሓባ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ሰው ነው) በጭካኔው የታወቀ ነበር። ዑመር ሻሩት፤ በየጦር ግዛቱ አንድ አንድ ዓመት ታስሮ እንዲቆይ ወሰኑ። እግረ ሙቁ ግን በየሶላቱ ሰዓት እንዲፈታለት አዘዙ። ግፍ የሠራን ሰው በግፍ መቅጣት አልፈለጉም፤ እስረኛም ቢሆን በእርሱና በጌታው መካከል ማንም አይገባም።

የበስራው አገረ ገዥ ዐዲይ ኢብኑ አርጣእ የሕዝብ ገንዘብ ያጎደሉ ሹማምንት ካልተሠቃዩ እንደማይመልሱ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። ዑመር ተቆጡ። ማስረጃ የተገኘበት በማስረጃው፣ ያመነ በእምነቱ እንዲጠየቅ፣ የካደ ደግሞ ምሎ እንዲለቀቅ ጻፉለት። እነዚያ ሰዎች ጥፋታቸውን ተሸክመው አላህን ቢገናኙ፣ እርሳቸው የእነርሱን ደም ተሸክመው አላህን ከሚገናኙ እንደሚሻላቸውም ጨመሩ። የኹበይብን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ሌብነት በበዛባት በሞሱል የተሾመው የሕያ አል-ገሳኒም ሰዎችን በጥርጣሬ ልያዝ ወይስ በማስረጃ ሲል ጠይቆ ነበር። መልሱ በማስረጃ ብቻ የሚል ሆነ፤ እውነት ያላስተካከላቸውን አላህ አያስተካክላቸው የሚል መንፈስ ነበረው። የሕያ እንዳዘዙት አደረገ፤ ሞሱልም ሌብነት እጅግ ካነሰባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ሞት ወይም አካል መቁረጥ የሚያስከትል ቅጣት ለእርሳቸው ሳይቀርብ እንዳይፈጸምም ለሹማምንቶቻቸው ጽፈዋል።

በዳይን መቅጣት ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ተበዳዩ መሰማትና መካስ ነበረበት። ስለዚህ ግፍን ለማሳወቅ ወይም ለሕዝብ የሚበጅ ነገር ለመንገር ወደ እርሳቸው የሚመጣ ሰው፣ እንደ መንገዱ ርቀት ከ100 እስከ 300 ዲናር እንደሚከፈለው ለሐጅ ተሰብሳቢዎች አሳወቁ። ስንቅ የሌለው ድሃ በርቀት ምክንያት አቤቱታው እንዳይቀር ነው። አንድ ገበሬ የሻም ጦር አዝመራውን ረጋግጦ እንዳበላሸበት ሲነግራቸውም 10 ሺህ ዲርሀም ካሳ ሰጡት።

ሰመርቀንድ፤ ጦር በፍርድ እንዲወጣ ሲታዘዝ

ከሁሉም የሚደንቀው የሰመርቀንድ ጉዳይ ነው። ከተማዋን በ93 ዓመተ ሂጅራ የያዘው የጦር መሪው ቁተይባ ኢብኑ ሙስሊም ነበር። ዑመር ሲሾሙ የአካባቢው ተወላጆች የሆኑት ሶግዶች፣ ቁተይባ እንዳታለላቸውና አገራቸውን ያለአግባብ እንደወሰደባቸው ገልጸው አቤት አሉ። ቁተይባ በዚያን ጊዜ ሞቷል፤ ሙስሊሞቹም በከተማዋ ቤት ይዘው መኖር ጀምረዋል።

ዑመር እዚያ ላለው ሹም ለሱለይማን ኢብኑ አቢ ሰሪ ጻፉለት። ጉዳዩን የሚሰማ ቃዲ እንዲሰይም፣ ቃዲው ለሶግዶች ከፈረደ ዐረቦቹን ከከተማዋ አስወጥቶ ወደ ሰፈራቸው እንዲመልስ አዘዙት። ቃዲ ሆኖ የተሰየመው ጁመይዕ ኢብኑ ሓዲር ሲሆን በገዛ ወገኖቹ ላይ ፈረደ። ሙስሊሞቹ ለቀው ወደ ጦር ሰፈራቸው እንዲወጡ፣ ከዚያ በእኩል ቆመው ወይ አዲስ ስምምነት ወይ ጦርነት እንዲሆን ወሰነ።

ሶግዶች ፍርዱን ሲሰሙ መከሩ። ከሙስሊሞቹ ጋር አብረው መኖር ጀምረዋል፤ አዲስ ጦርነት ቢነሳ ማን እንደሚያሸንፍም አያውቁም። ስለዚህ ባለው ሁኔታ መቀጠልን መረጡ። ፍርዱ መሬት ላይ ሳይፈጸም የቀረው በእነርሱ ምርጫ እንጂ በባለሥልጣን እንቢታ አልነበረም። ያሸነፈ ጦር የያዘውን ከተማ በቃዲ ቃል እንዲለቅ መታዘዙ በታሪክ እምብዛም አይገኝም።

የመጨረሻው ቀን

ይህ ሁሉ ጠላት አፈራባቸው። ጥቅማቸው የተነካባቸው ዘመዶች አኮረፉ። ዑመር በረጀብ ወር 101 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 720) 40 ዓመት ገደማ ሳሉ በሰሜን ሻም ደይር ሲምዓን በተባለ ስፍራ አረፉ። ተመርዘው ነው የሞቱት የሚሉ ዘጋቢዎች ብዙ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ገዥዎች ከሥራቸው ብዙውን አፈረሱ፤ ስማቸውን ግን ማፍረስ አልቻሉም።

ውድ አንባቢያን፣ ከመካከላችን ፖሊስ የሆነ፣ ደንብ አስከባሪ የሆነ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚያስፈጽም፣ ግብር የሚሰበስብ ወንድም ወይም ልጅ ያለን ብዙዎች ነን። ቤት አከራይተን ተከራይን የምናስለቅቅም አለን። ሕግ ሰው ከቤት እንዲወጣ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ዑመርም ረውሕን አስለቅቀዋል። ነገር ግን የማስለቀቅ ፈቃድ የማዋረድ ፈቃድ አይደለም። ሽማግሌውን መገፍተር፣ የሕፃን ልብስ ጭቃ ላይ መወርወር፣ ባለ አቤቱታን ማስፈራራት በውሳኔው ወረቀት ላይ አይገኝም። እነዚህን የሚጨምር የእኛ እጅ ነው፤ የሚጠየቅበትም እኛው ነን። አለቃ የሆነ ደግሞ የላከው ሰው ያደረሰውን ጥፋት አላየሁም ብሎ አያመልጥም።

ሌላም ትምህርት አለ። ዑመር ባጠፉት ጥፋት ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። በኹበይብ የደረሰውን መመለስ አልቻሉም፤ በሌላ ኹበይብ ላይ እንዳይደርስ ግን ሥርዓት አበጁ። ተውባ በአንደበት ተጀምሮ በሥራ እንደሚጸና ሕይወታቸው ያሳየናል። በዚህ ወር በእጃችን ያለ የሰው ሐቅ ካለ፣ ከዒድ በፊት እንመልሰው፤ የበደልነው ሰው በሕይወት ካለም ይቅርታውን እንጠይቅ። የተበደለ ሰው ዱዓ ከአላህ ዘንድ የሚከለክለው መጋረጃ እንደሌለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናልና።

አላህ ዑመርን ይዘንላቸው፤ ኹበይብንም ይዘንላቸው። ጾማችንንና ቂያማችንን ይቀበለን፤ እጃችንን ከዙልም ይጠብቅልን። አሚን።